እምቢ ማለት የማያውቅ ምትክ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሐዋ አብዱልባሲጥ፣ ባንጋሎር፣ ሕንድ አገር።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? እኔ ከሁለቱ ጆሮዎቼና ከግራ ጉልበቴ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርዱን ይወቅሳል፣ ጆሮዬ ደግሞ አንቺን። በስልክ ስታወሪኝ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ትመስይኛለሽ፤ "አባባ፣ አባባ" ከሚለው በቀር የሚገባኝ የለም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በወረቀት ነው። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሚስባህ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፣ ያንቺንም አትሞ ይሰጠኛል። ሚስባህ የሰው ደብዳቤ አያነብም። ሲያነብ ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ አውቅበታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜሽ የካቲት 30 ያልቃል። ካለፍሽ ቋሚ ሆነሽ ትፈርሚያለሽ፤ ካላለፍሽ ተመልሰሽ ኮምቦልቻ ታስተምሪያለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ከሐረጎ ቁልቁለት ማዶ መሄድ የለም ብሏል አባትሽ። "የያዘችውን ሥራ አስጥለው የሰደዷት እርስዎ ነዎት!" ይለኛል፣ መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ፍሬን ሸራ እየደረደረ። እኔም ተናድጄ "ወላሂ ትፈርማለች!" ብዬ ማልሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሐሰት መሐላ ይዤ መቃብር እንዳልወርድ አደራ።

ግን ምን እንደምትሠሪ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ኮምፒውተር" እላለሁ፤ "ኮምፒውተር ምኑን?" ሲሉኝ ሳል ይይዘኛል። እስቲ ለሽማግሌ በሚገባ አማርኛ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። የሕንድ ሻል ብትልኪልኝ ግን አልጠላም፤ ቡናማ፣ ረዘም ያለ።

ዱዓዬን ጀባ ብያለሁ።
አያትሽ ዘይኑልአቢዲን


ባንጋሎር
ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፣ ለአባባ ዘይኑልአቢዲን፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። ጉልበትዎን አላህ ያበርታልኝ። የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ ክፍሌ ውስጥ የገቡ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምሁ።

ሥራዬ ይኸውልዎ። አንድ የዓይን ሕክምና ቤት ለበሽተኞቹ "ነገ ቀጠሮ አለዎት" የሚል መልእክት በስልካቸው ይልካል። ለማን መቼ እንደሚላክ የሚወስነውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ። ከዚያ ደግሞ የጻፍሁትን እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው የሚፈትን ሌላ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ካለፈ አረንጓዴ ያሳያል፣ ከወደቀ ቀይ።

ታዲያ በፈተንሁ ቁጥር እውነተኛ መልእክት ለእውነተኛ በሽተኛ መሄድ የለበትም። ስለዚህ በመልእክት ላኪው ቦታ ምትክ አቆማለሁ። ምትኩ "ላክ" ሲሉት "እሺ" ይላል እንጂ የትም አይልክም።

ባለፈው ማክሰኞ ምን ሆነ መሰለዎ? ምትኩን አቁሜ ፈተናውን ባስነሣው ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት በሽተኞች "ሰላም፣ ይህ ሙከራ ነው" የሚል መልእክት ሄደ! አንዲት አሮጊት ደውለው "ዓይኔን ልትሞክሩበት ነው?" ብለው ጮኹ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ ደረስሁበት። ምትኩን ያቆምሁት ላኪው በተሠራበት የፕሮግራም ክፍል ነበር። የኔ ፕሮግራም ግን ገና ሲነሣ ላኪውን ከዚያ ወስዶ በራሱ ክፍል ይዞታል። ምትኩ ባዶ ቤት ሲጠብቅ እውነተኛው በሌላ በር ይወጣል።

አለቃዬ ወይዘሮ ላታ "በሙከራ ጊዜሽ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልፈልግም" አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አሁን ቦታውን አስተካክያለሁ፤ ግን ወንበሬ ላይ እንደ ድሮው ተደላድዬ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻሉን እፈልጋለሁ። ይህን ለአባቴ አይንገሩብኝ።

ልጅዎ ሐዋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ በአንድ ጠዋት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሰላም ላለችው ለልጅ ልጄ፤

አላህ ከዚህ የበለጠ ሰላምተኛ ያድርግሽ። እኔ በሳቅ የጎን ውጋት ከያዘኝ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ምትክሽን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቦሩ ሜዳ ሳለን ዳለቻ ላማችን ጥጃዋ ሞተባት። ጥጃዋ የሞተባት ላም ደግሞ ወተቷን አትለቅም። አባቴ የጥጃውን ቆዳ ገፎ፣ ጭድ ሞልቶ፣ ሰፍቶ፣ ጨው ነስንሶበት አፍንጫዋ ሥር አቆመው። እሱን እየላሰች ወተቷን ለቀቀች። ይኸው፣ ምትክ!

አንድ ቀን ወንድሜ እንድሪስ የጭዱን ጥጃ በረት ውስጥ ትቶ ላሟን ሜዳ ላይ ሊያልብ ተቀመጠ። "ጥጃውስ?" ስለው፣ "በረት ነዋ! የተወለደው እዚያ አይደል?" አለኝ። ላሟ ማለቢያውንም እንድሪስንም በአንድ ርግጫ ገለበጠቻቸው። የእንድሪስ ዘር መሆንሽን ያረጋገጥሁት አሁን ነው። ምትክ የሚቆመው በሚታለብበት እንጂ በተወለደበት አይደለም፣ አንቺ!

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኸ ምትክሽ እምቢ ማለት ያውቃል? እውነተኛ ጥጃ ይናከሳል፣ ይራገጣል፣ ጠግቤያለሁ ይላል። የጭዱ ለሁሉም እሺ ነው። ለሁሉም እሺ የሚል ሰው እኔም ገጥሞኛል፤ ቤቴን የሠራልኝ አናጢ ነው። ያልሁትን ሁሉ "እሺ፣ እሺ" ሲል ከርሞ በሬን ወደ ገደሉ አዙሮት ሄደ።

ለአባትሽ አልነገርሁም። የሚስባህን ከንፈር ግን ሲንቀሳቀስ አየሁት። ፓይተን ማለት ዘንዶ ነው አለኝ። ከዘንዶ ጋር ስታወሪ በሩ ክፍት ይሁን።

አያትሽ ዘይኑልአቢዲን


ባንጋሎር
ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። የምሥራች፦ ሁለት መቶ አራት ፈተና ጻፍሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። ፕሮግራሙ ከነገ ወዲያ በሕክምና ቤቱ ሥራ ላይ ይውላል። ወይዘሮ ላታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉልኝ።

ምትኩ እምቢ ማለት ያውቃል ወይ ብለውኝ ነበር። አያውቅም፤ የሚመቸኝም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አያስቡ።

ልጅዎ ሐዋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሁለት መቶ አራት አረንጓዴዎች ባለቤት፤

አላህ ይወፍቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጥፋተኛ ነኝ እንጂ።

ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ኮምቦልቻ ወረድሁ። አባትሽ ደንበኛ ፊት "ምን ትላለች ልጅዎ?" አለኝ። ሲናደድ ልጅነትሽ ወደኔ ይዞራል።

"አረንጓዴ ሆኗል" አልሁት።

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

"ፈርማለች ማለት ነው?"

ሐዋዬ፣ እኔ "ገና ናት" ልል ነበር። ምላሴ ቀድማኝ "አዎን፣ ፈርማለች" አለች። አባትሽ መነጽሩን አወለቀ፣ ሱቁን በቀን ዘጋ። አባትሽ! በማግሥቱ በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ሰደቃ አበላ። እኔም ጎድኑን በላሁ፣ ምን ላድርግ፣ እምቢ ብል ያስጠረጥራል።

እንግዲህ የሚቀረው መፈረም ብቻ ነው። ያ ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሦስት ጊዜ ፒያሳ ወጣሁ፤ ሚስባህ ከሩቅ ሲያየኝ ገና ራሱን ይነቀንቃል። ሻሉን ተዪው። ሁለት ገጽ ጻፊልኝ።

አያትሽ ዘይኑልአቢዲን


ባንጋሎር
ጥር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነኝ። ሥራው ደህና ነው። አየሩም ደህና ነው። ስለ በጉ አላህ ይስጥልኝ። ለሁሉም ሰላም ይበሉልኝ።

ሐዋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐዋ፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ጥያቄዬ ግን ሁለት ነው። በሰው እጅ የላክሁልሽ የገራዶ ማር ደረሰሽ ወይ? አጎትሽ አግማስም "ረሳችኝ" ብሎ አዝኗል፤ ሰላም በይው።

አያትሽ


ባንጋሎር
ጥር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

ማሩ ደርሶኛል፣ በጣም ጣፋጭ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። አጎቴን አግማስን አልረሳሁትም፤ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። ሁሉም ደህና ነው።

ሐዋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለማን እንደሆነ ለማላውቀው፤

ማር አልላክሁም። ገራዶ ከሄድሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፣ ንብ የሚባል የለኝም፣ ሕንድ የሚሄድ ሰውም አላውቅም። አግማስ የሚባል አጎትም የለሽ። እኔ የማውቃቸው አግማስ ቦሩ ሜዳ ያሉ ቄስ ናቸው። ናፍቆትሽን ነግሬያቸዋለሁ። "የማን ልጅ ናት?" ብለው ግራ ቢገባቸው ጊዜ፣ "የኔ ነበረች" አልኋቸው።

አሁን ንገሪኝ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሐዋ ናት ወይስ በሐዋ ቦታ የቆመ ጭድ? እኔ የማውቃት ሐዋ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች "ጥርስሽን አይጥ ወሰደው" ብላት "አይጡ የት ነው? ስሙ ማን ነው? ለምን ይፈልገዋል?" ብላ አንድ ሳምንት አላስተኛችኝም። ያልተላከ ማር ጣፋጭ ነው አትለኝም።

ሳቅሁ፣ ወላሂ። ሚስባህም ሳቀ። ከዚያ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

ስትታመሚም፣ ሲያባርሩሽም፣ ስታለቅሽም አያትሽ ነኝ። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል አውልቂና ጻፊልኝ።

ዘይኑልአቢዲን


ባንጋሎር
ጥር 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

አባባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም መልእክት ሳይሄድ ቀረ። አርባ ሰባት ሰው ቀጠሮው አለፈበት። አንድ ሽማግሌ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና አምስት ወር የጠበቁት ተራ አለፋቸው። እኔ ዘንድ ግን ሁለት መቶ አራቱም አረንጓዴ ናቸው!

ምክንያቱን በማግሥቱ አገኘሁት። እውነተኛው መልእክት ላኪ ተለውጦ ነበር። ድሮ ስልክ ቁጥርና መልእክት ሲሰጡት ይልካል፤ አሁን ሰዓትም ካልሰጡት እምቢ ይላል። ምትኬ ግን ያንኑ የድሮውን ስሰጠው እሺ አለኝ። ምንም ብሰጠው እሺ ይል ነበር። "በትክክል ተጠርተሃል?" ብዬ ራሱን ምትኩን ጠይቄዋለሁ፤ ጥያቄውን እንኳ አያውቀውም፣ ግን አዎን አለኝ። ማሩ ጣፋጭ ነው አለኝ፣ አባባ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙን ማሽኑ ላይ የሚጭን ሱሬሽ የሚባል ሰው አለ፣ የሁለት ልጆች አባት። ወይዘሮ ላታ "የሐዋ ፈተና ሁሉ አልፏል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጫነው ሰው ነው" ብለው ከሥራ አገዱት። በየካቲት መጀመሪያ ያሰናብቱታል። እውነተኛው ላኪ እምቢ ማለቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልሁ እፈርማለሁ። ከተናገርሁ ሁለተኛ ጥፋቴ ነው፤ "ሁለተኛ አልፈልግም" ብለውኛል።

እርስዎ ምለዋል። አባቴ በግ አርዷል። እኔ በየቀኑ የሱሬሽን ባዶ ወንበር አልፌ እቀመጣለሁ። ምን ላድርግ?

ሐዋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 23 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐዋዬ፤

እንኳን መጣሽ። አንቺ መሆንሽን አወቅሁ፤ ጭድ አያለቅስም።

መጀመሪያ ስለ ላሟ ልጨርስልሽ። የጭዱን ጥጃ አንድ ሌሊት ጅብ በላው። እንድሪስ "ምን ቸገረኝ" ብሎ የፍየል ቆዳ ጭድ ሞልቶ አቆመላት። እኛ ልጆቹ "ጥጃ ነው" አልን፣ ከሩቅ ያየም ሁሉ ጥጃ ነው አለ። ላሟ ግን አንዴ አሽትታ ፊቷን አዞረች። አባቴ እንድሪስን ጆሮውን ይዞ፣ "ምትክ ከራሱ ከጥጃው ቆዳ ካልተሰፋ የሚያታልለው ሰፊውን ብቻ ነው!" አለው። የዘንዶሽን አገር ሥርዓት አላውቅም። እዚያም እንዲህ የሚሰፋ ካለ ፈልጊ።

ስለ ሱሬሽ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። እኔን የምትጠይቂው "ዝም በይ" እንድልሽ ከሆነ፣ አሁን ጭድ የምትፈልጊው ከኔ ነው። እሺ ብቻ የሚል አያት ከፈለግሽ ያን አናጢ ልላክልሽ።

መሐላው የኔ ነው፣ በጉም በኔ ምላስ የታረደ ነው። የማልሁበትን ሦስት ቀን ጾሜ እክሰዋለሁ፤ ያንቺ መሐላ አይደለም። አባትሽንም ለኔ ተዪው። ሱሬሽን ግን እኔ ከደሴ ሆኜ ምን ላድርግለት?

የካቲት ሳይገባ ሂጂና ተናገሪ። እግርሽ ከተንቀጠቀጠ ይንቀጥቀጥ፤ አፍሽ ብቻ አይንቀጥቀጥ።

አያትሽ ዘይኑልአቢዲን


ባንጋሎር
የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጠዋት ገባሁ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። አፌም ተንቀጠቀጠ፣ ግን ተናገርሁ። ወይዘሮ ላታ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"አንድ ወር ሊሞላኝ ነው።"

"የሱሬሽን ወንበር እያየሽ?"

"እያየሁ።"

"ውጪ" አሉኝ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን አላነጋገሩኝም። ሻንጣዬን አወረድሁ፣ ሰቀልሁ፣ መልሼ አወረድሁ።

የአባትዎን ስፌት ግን አገኘሁት። ምትኩን ከእውነተኛው መልክ ቀርጾ ማቆም ይቻላል፤ እውነተኛው የማይቀበለውን ሲሰጡት ያኔ ምትኩም ይጮኻል። ዘዴው ድሮም ነበረ፣ ያልተጠቀምሁበት በስንፍናዬ ነው። ሁሉንም እንዲያ አድርጌ ባስነሣው አሥራ አንድ ፈተና ቀይ ሆነ። ቀይ ሳይ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠሩኝ። ሱሬሽ ተመልሷል። እኔን አላባረሩኝም፤ አላስፈረሙኝምም። ሦስት ወር ጨምረው እስከ ግንቦት መጨረሻ ይፈትኑኛል። እስከዚያ የምጽፈውን ፈተና ሁሉ መጀመሪያ ሱሬሽ ያነበዋል፣ እሱ ሳይስማማ አያልፍም። ከዚያስ? አይታወቅም።

ሱሬሽ ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ስቦ ከጎኑ አስቀመጠና በጣቱ "እዚህ" አለኝ። አሥራ አንዱን ቀይ አብረን እየነቀልን ነው፤ አራት ቀርቶናል።

አባቴ ምን አለ? ዝም አይበሉኝ።

ልጅዎ ሐዋ


ኮምቦልቻ
የካቲት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐዋዬ፤

አላህ በነገርሽ ሁሉ በረካ ያድርግ። ይህን የምጽፈው ከአባትሽ ሱቅ፣ ዘይት የነካው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርሁት፤ ከተቀመጥሁ ምላሴ ሌላ ነገር ታመጣለች ብዬ።

"አብዱልባሲጥ፣ ልጅህ አልፈረመችም።"

"ምን አሉ?"

"ዋሽቼህ ነበር። አልፈረመችም፣ ሦስት ወር ጨመሩባት።"

"በጉስ?"

"በጉማ ተበላ።"

አባትሽ የያዘውን ብሎን አስቀመጠ። ከዚያ ደብዳቤዎችሽን ከላይ እስከ ታች አነበብሁለት፣ ስለ ላኪው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን። አንድ ደንበኛ ገብቶ "የካንዴላ ዋጋ ስንት ነው?" ቢል "ነገ ና" አለው። አባትሽ ደንበኛን ነገ ና ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ስጨርስ፣ "ሰደቃ አይመለስም፣ በጉን እርሱት" አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ "ሥጋውን የበሉትን ቤት ለቤት ዞረው ‘ዋሽቻለሁ’ ብለው የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ!" አለኝ። ዞርሁ። ሰባት ቤት ነው። በየቤቱ ዋሽቻለሁ ባልሁ ቁጥር "ይግቡ፣ ሻይ ይጠጡ" ይሉኛል፤ ሰባት ብርጭቆ ጠጥቼ በጭንቅ ተመለስሁ። ሐዋን የኮነነ አንድም ሰው አልገጠመኝም። እኔን ግን ሁሉም ሲጠብቁኝ የከረሙ ይመስል አልተደነቁም።

ስመለስ አባትሽ ይህን ወረቀት ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ ያነባል። "ትመለስ ነው የምትለው ወይስ ትቆይ?" አልሁት። "ያ ሰውዬ እሷን አጠገቡ አስቀመጣት አሉ?" አለኝ። "አስቀመጣት" አልሁት። እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደ። ከሥር ያለው የሱ ጽሕፈት ነው፤ በዕድሜው ደብዳቤ ሲጽፍ አላየሁትም። እኔ አልነካሁትም፣ አልጨመርሁበትም፣ ወላሂ።

ሐዋ፤ ለሱሬሽ ከኔ ሰላም በይው። ሦስቱን ወር እዚያው አጠገቡ ተቀመጪ።
አባትሽ አብዱልባሲጥ